ስለ ባላገር ቤት ገቢና ወጪ

ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ በዐማራ ደጋ ላይ ቆሞ አንዱን መንደር ቢመለከት፥ ቤቱ ኹሉ በአንድ ዐይነት ጭቃ የተመረገ፥ የሰዉም ኑሮ ኹሉ አንድ ዐይነት ይመስለዋል፤ «እነዚህ ሰዎች ኹሉም ድኾች ናቸው» ብሎ ያልፋል። የመንደሩ ሽማግሌ ግን እንደዚህ አይልም። ማን ጥንድ በሬ እንዳለው፥ ማን በመቀናጆ እንደሚያርስ፥ ማን መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ እንደሚኖር፥ የማንስ ጐተራ ሰኔ ሳይገባ ባዶ እንደሚኾን በልቡ ይዞታል። ይኹን እንጂ በልብ የተያዘ ሒሳብ ኹልጊዜ ልክ አይወጣም፤ በዐይን የሚታየው ድኽነት ይቈጠራል፥ በዐይን የማይታየው ይረሳል።

ይህም ነገር በጨዋታ ጊዜ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው የርዳታ ሥራ ድርቅ በሚደጋግማቸው ወረዳዎች ከተጀመረ ወዲህ፥ እህሉን ወይም ገንዘቡን ማን ይቀበል የሚለውን ዝርዝር እንዲያወጡ የተደረጉት በየመንደሩ የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ሽማግሌዎች አሉበት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳ ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረ ሰብ ጤና መድንም እንደዚሁ ነው፤ መዋጮውን መክፈል የማይችሉት ድኾች በመንግሥት እንዲከፈልላቸው የሚኾነው የቀበሌያቸው ሰዎች «እነዚህ አይችሉም» ብለው ሲመሰክሩላቸው ነው። መምህሩም በበኩሉ የደብተር ርዳታ በመጣ ጊዜ ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጥ ይጠየቃል። እንግዲህ አንድ ቤት በስሕተት ከዝርዝር ቢወጣ፥ ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፥ የታመመች እናት ከጤና ጣቢያ ደጃፍ ትመለሳለች። ስለዚህ ድኻና ባለጠጋ በምን እንደሚለዩ፥ ልዩነቱስ ከወዴት እንደሚመጣ መመርመር ያስፈልጋል።

ገቢ ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አንድ ቤት የሚገባው ሀብት ኹሉ ነው። ይህም ሲባል ከገበያ የተገኘው ብር ብቻ አይደለም፤ ከዐውድማ በቀጥታ ወደ ጐተራ የገባው እህል፥ ለልጆች የታለበው ወተት፥ ከጓሮ የተለቀመው ጎመንና ጌሾ፥ ከከተማ ወይም ከዐረብ አገር ልጅ የላከችው ገንዘብ፥ የቀን ሥራ ዋጋ ኹሉ ገቢ ነው። ወጪ ማለት ደግሞ ያ ቤት ለመኖር የሚያጠፋው ነው፤ የሚበላው፥ የሚለብሰው፥ ለጨውና ለዘይት፥ ለመድኀኒት፥ ለዕድርና ለማኅበር የሚሰጠው በዚህ ይቈጠራል። ለዘርና ለማዳበሪያ የሚወጣው ግን ከኑሮ ወጪ ጋራ አይደባለቅም፤ እርሱ የሚመጣውን ዓመት ገቢ የሚያስገኝ ስለ ኾነ ከገቢው ላይ አስቀድሞ ይቀነሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ 20 ኩንታል ያገባውን ሰው 20 ኩንታል እንደሚበላ አድርጎ ያስባል።

ሊቃውንት የቤተ ሰብን ኑሮ ሲመዝኑ ከገቢ ይልቅ ወጪን መያዝ ይመርጣሉ። ባላገር ገቢህ ምን ያህል ነው ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግብር ይጨመርብኛል ብሎ ይፈራል፥ ወይም ርዳታ ይቀርብኛል ብሎ ያሳንሳል፤ ይህም ዛሬ የተጀመረ አይደለም፥ ዐሥራት ለመገመት ወደ ዐውድማ ይወጣ በነበረበት ዘመንም እንዲሁ ነበረ። ደግሞም ገቢ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ኹለት ጊዜ ይመጣል፤ መብላት ግን የዕለት ተዕለት ነውና፥ አንድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ምን እንደ በላና ምን እንደ ለበሰ ቢጠየቅ ኑሮው ከገቢው ይልቅ በግልጥ ይታያል። በኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ሰፊ ምርመራ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አማካይነት በ1988፥ በ1992፥ በ1997፥ በ2003ና በ2008 ዓ.ም. ተደርጓል። ቈጣሪዎቹ ወደየቤቱ እየሄዱ ቤተ ሰቡ የተመገበውን በዐይነትና በመጠን ይመዘግባሉ፤ ከራሱ ማሳ የመጣውንም እህል በአካባቢው ገበያ ዋጋ ተምነው እንደ ተገዛ አድርገው ይቈጥሩታል። ይህ ባይደረግ ኖሮ ጤፉን የሚሸጠው ባለጠጋ፥ ጤፉን የሚበላው ደግሞ ድኻ በመሰለ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአፍ ቍጥር ነው። አንድ ቤት ብዙ እህል ቢያስገባ ብዙ ልጆች ካሉት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ሕፃን የዐዋቂን ያህል ስለማይበላ ሰባት ሰው ያለበትን ቤት ለሰባት መክፈልም ልክ አይኾንም። ስለዚህ ልጆቹን እንደ ዕድሜያቸው የዐዋቂ እኩሌታ ወይም ከዚያ ከፍ ዝቅ አድርገው ይመዝኗቸዋል።

ነገሩ እንዲገለጥ ሦስት ቤት ይታሰብ፤ ቍጥሩ ለማስረዳት የተመረጠ ነው እንጂ ከማንም መዝገብ የተወሰደ አይደለም። በመጀመሪያው ቤት ባልና ሚስት ከ5 ልጆቻቸው ጋራ ይኖራሉ፤ ጥንድ በሬና 4 ጥማድ መሬት አላቸው፥ ይህም አንድ ሄክታር ያህል ነው። ከመሬታቸው 20 ኩንታል እህል ያገኛሉ። ደግሞም የጐረቤታቸውን የመበለቲቱን 4 ጥማድ በእኩል አርሰው ከዚያ 10 ኩንታል ይወስዳሉ። ከ30ው ኩንታል ላይ ለዘርና ለማዳበሪያ የ6 ኩንታል ዋጋ ሲወጣ 24 ይቀራል። በኹለተኛው ቤት መበለቲቱ ከ2 ልጆቿ ጋራ ትኖራለች፤ መሬት አላት፥ በሬ ግን የላትም። ከመሬቷ 20 ኩንታል ቢወጣ ለእርሷ የሚደርሳት 10 ነው፥ የዘሩና የማዳበሪያው ድርሻዋ 2 ሲቀነስ 8 ይቀራታል። በሦስተኛው ቤት ያሉት አዲስ የተጋቡ ባልና ሚስት ከአንድ ሕፃን ጋራ ናቸው፤ መሬትም በሬም የላቸውም። ባልየው የአንድ ያረጀ ሰው 2 ጥማድ በእኩል ይዞ ከ10 ኩንታል 5 ይወስዳል፤ በሬውንም የሚያገኘው ለባለ በሬው በጕልበቱ ሠርቶ ነው። ለዘርና ለማዳበሪያ 1 ሲወጣ 4 ኩንታል ይቀረዋል። ከዚህም ሌላ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ወርዶ ሰሊጥ በማረምና በማጨድ 3 ኩንታል የሚገዛ ብር ይዞ ይመለሳል። የቤቱ ገቢ በጠቅላላው 7 ኩንታል ነው።

አሁን በደምሳሳው ቢታይ የመጀመሪያው ቤት ከኹለተኛው በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ኹለተኛውና ሦስተኛው ግን እኩል ሊኾኑ ጥቂት ይቀራቸዋል። ልጁ የዐዋቂ እኩሌታ ተደርጎ በአፍ ሲከፈል ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በመጀመሪያው ቤት 4 ዐዋቂ ተኩል ስላለ ለአንዱ 5 ኩንታል ከ33 ኪሎ ይደርሰዋል፤ በኹለተኛው ቤት 2 ዐዋቂ ስላለ 4 ኩንታል፥ በሦስተኛው ቤት 2 ዐዋቂ ተኩል ስላለ 2 ኩንታል ከ80 ኪሎ ይኾናል። ባለጠጋ የተባለው ቤት እንደ ታሰበው ያህል ባለጠጋ አይደለም፤ ጐበዝ ነው ተብሎ የታለፈው ወጣት ደግሞ ከኹሉ በታች ነው። በብዙ መንደር ሽማግሌዎች ዝርዝር ሲያወጡ መበለቲቱን አስቀድመው ወጣቱን «ጕልበት አለው» ብለው ይተዉታል። ጕልበት ግን የሚያርሰው መሬት ካላገኘ እህል አይኾንም።

ይህን አይቶ መበለቲቱን ከዝርዝር ለማውጣት የሚቸኵል ቢኖር እርሱም ይሳሳታል። የእኩል አራሽ አስቀድሞ የራሱን ማሳ ያርሳል፤ የመበለቲቱ መሬት ተራ የሚደርሰው ዝናሙ ከገባ በኋላ ነው፥ የሚደጋገመውም እርሻ ከሌላው ያንሳል። ስለዚህ መሬቷ 20 ኩንታል መስጠት ሲችል 15 ብቻ ይሰጣል። በዚያን ጊዜ ድርሻዋ 7 ኩንታል ተኩል፥ የዘሩና የማዳበሪያው ሲወጣ 5 ኩንታል ተኩል፥ ለአንድ ዐዋቂም 2 ኩንታል ከ75 ኪሎ ይኾናል፤ ከወጣቱም በታች ትወድቃለች። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው መበለት ናት ወይስ አይደለችም ተብሎ ብቻ አይደለም፤ መሬቷ በስንተኛው ሳምንት ታረሰ፥ አራሹ ዘመድ ነው ወይስ ባዕድ፥ ወንድ ልጇስ ሞፈር ለመያዝ ስንት ዓመት ቀርቶታል ተብሎ ነው።

2 ኩንታል ከ80 ኪሎ ለአንድ ሰው ብዙ የሚመስለው ይኖራል። በኢትዮጵያ የድኽነት ወሰን ሲወሰን ለአንድ ዐዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ ተቈጥሯል። ይህ በእህል ብቻ ቢሞላ በዓመት 2 ኩንታል ከ36 ኪሎ ያህል ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቤት ለአንድ ሰው ከምግብ የሚተርፈው 44 ኪሎ ነው፤ ጨውም፥ ልብስም፥ ሳሙናም፥ መድኀኒትም፥ የዕድር መዋጮም ከዚህ ይወጣል። ይህ ቤት ካለው ከመቶ 84ቱ ለእንጀራ ብቻ ይሄድበታል፤ በመጀመሪያው ቤት ግን ለእንጀራ የሚሄደው ከመቶ 44 ነው።

ይህን ነገር አስቀድሞ በሕግ መልክ የጻፈው ኤርንስት ኤንግል የተባለ የጀርመን ሊቅ ነው። እርሱም በሳክሶኒ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሹም ሳለ፥ በቤልጅግ አገር የተሰበሰበውን የሠራተኞች ቤት ወጪ መርምሮ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1857 ዓመት አንድ ነገር አስታወቀ፤ ቤተ ሰብ ድኻ በኾነ መጠን ከወጪው ለምግብ የሚያውለው ክፍል ይበዛል፥ እየበለጸገ በሄደ መጠን ደግሞ ይህ ክፍል እየቀነሰ ይሄዳል። ባለጠጋው ከድኻው ያነሰ ይበላል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የበለጠ ይበላል። ነገር ግን ኾድ ወሰን ስላለው የቀረው ሀብቱ ለቆርቆሮ፥ ለትምህርት፥ ለበሬ መግዣ ይተርፈዋል። መምህር የአንዱን ቤት ኑሮ በአንድ ጥያቄ ብቻ ለማወቅ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አያገኝም፤ ከመቶው ብር ስንቱ ለእህል ሄደ ብሎ ይጠይቅ።

የአገሪቱም ሒሳብ በዚህ መንገድ ተሠርቷል። በ1988 ዓ.ም. ለአንድ ዐዋቂ የዓመት የድኽነት ወሰን 1,075 ብር ኾኖ ከዚህ 648ቱ ለምግብ የታሰበ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ወሰኑ 7,184 ብር፥ የምግቡም 3,772 ብር ኾነ። ከዚህ ወሰን በታች የሚኖረው ሕዝብ በ1988 ከመቶ 45.5 ነበረ፥ በ2008 ወደ 23.5 ወረደ። በገጠር ከ47.5 ወደ 25.6፥ በከተማ ከ33.2 ወደ 14.8 ቀነሰ። በዐማራ ክልል በ1988 ከመቶ 54.3 ሕዝብ ከወሰኑ በታች ነበረ፤ በ2008 ግን 26.1 ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በሰሜን አገር በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቷል፥ የእህልም ዋጋ እጅግ ንሯል፤ ስለዚህ የ2008ቱ ቍጥር የዚያን ዓመት ነገር የሚናገር ምስክር ነው እንጂ የዛሬውን አይናገርም።

ስንቱ ሰው ከወሰን በታች እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከሰው ምን ያህል እንደሚበላለጥ ማወቅ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ኹለተኛው የኢጣልያ ሊቅ ኮራዶ ጂኒ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1912 ዓመት መለኪያ አበጀ። አንድ ድፎ ዳቦ ለመንደሩ ኹሉ እኩል ቢቈረስ ቍጥሩ 0 ይኾናል፥ አንድ ሰው ብቻውን ቢወስደውና ሌላው ባዶ እጁን ቢቀር 1 ይኾናል፤ የሰው ኑሮ ኹሉ በእነዚህ መካከል ነው። በኢትዮጵያ ገጠር ይህ ቍጥር በ1988 ዓ.ም. 0.27 ነበረ፥ በ2008ም 0.28 ኾነ፤ በ20 ዓመት ውስጥ ብዙ አልተነቃነቀም ማለት ነው። በከተማ ግን ከ0.34 ተነሥቶ በ1997 ዓ.ም. 0.44 ከደረሰ በኋላ በ2008 ወደ 0.38 ተመለሰ። ከዚህ የሚታየው ነገር ከተሜው በአማካይ ከባላገሩ የተሻለ ሲኖር፥ እርስ በርሱ ግን የበለጠ እንደሚራራቅ ነው። በአንድ ጎዳና ላይ ነጋዴውና የኔ ብጤው ጐን ለጐን ይኖራሉ፤ በመንደር ግን የመሬት ስፋት ስለሚቀራረብ ልዩነቱ በበሬና በአፍ ቍጥር ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

አማካይ ቍጥር ሲያምር ከኹሉ በታች ያለውን ሊያስረሳ ይችላል። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የአገሪቱ ድኽነት በጠቅላላው ሲቀንስ፥ ከኹሉ ድኻ የኾነው የሕዝቡ ዐሥረኛ ክፍል ግን ኑሮው ዝቅ ብሏል። ምክንያቱም የእህል ዋጋ በተወደደ ጊዜ የሚሸጥ ይጠቀማል፥ የሚገዛ ይጐዳል። ብዙ ሰው ባላገር ኹሉ እህል ሻጭ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ብዙ ባላገር የዓመቱን እኩሌታ እህል ገዢ ነው። ሦስተኛው ቤት በጥር ወር ዕዳውን ለመክፈል ከጥቂቷ ምርቱ ላይ ይሸጣል፤ በዚያን ጊዜ ኹሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ርካሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ያንኑ እህል ሊገዛ ሲወጣ ዋጋው ተሰቅሎ ያገኘዋል። የመጀመሪያው ቤት ደግሞ በጥር አይሸጥም፤ ጐተራውን ዘግቶ ክረምትን ይጠብቃል። ስለዚህ በኪሎ እኩል የኾነ እህል በኹለቱ ቤት በብር እኩል አይደለም። ወጣቱ በክረምት እህል ተበድሮ በመከር ጨምሮ ቢመልስ ደግሞ ከ7ቱ ኩንታል ምን ያህሉ ገና ሳይታጨድ እንደ ሄደ ማሰብ አያዳግትም።

ወጣቱ መሬት ያጣበት ምክንያት ከሥሩ ይታይ። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በጎጃምና በበጌምድር ብዙው ባላገር በአባቶቹ ርስት እየኖረ ግብር ይከፍል ነበር፤ በደቡብ አገር ግን ብዙው ጭሰኛ ስለ ነበረ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እርቦውን፥ አንዳንድ ጊዜም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ኹሉ የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነትን አስቀረ፥ አንድ ቤተ ሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ከለከለ። በዐማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. መሬት እንደ ገና ተሸነሸነ። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ሽንሸና ስላልተደረገ፥ በዚያ ጊዜ ሕፃን የነበረ ወይም ያልተወለደ ሰው ከወላጁ ቢካፈል ወይም ቢወርስ እንጂ የራሱ ድርሻ የለውም። አባትም 4 ጥማዱን ለ5 ልጆች ቢያካፍል ለአንዱ አንድ ጥማድ አይሞላም። ሦስተኛው ቤት ድኻ የኾነው ባለቤቱ ሰነፍ ስለ ኾነ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለ ተወለደ ነው። መበለቲቱ ግን በዚህ ረገድ አንድ ዋስትና አግኝታለች፤ በክልሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድነት እንዲገባ ስለ ተደረገ፥ የባል ወንድሞች መሬቱን ለመንጠቅ ቢነሡ የምታሳየው ወረቀት አላት።

ከመሬት ውጪ በእጃቸው ሥራ የሚኖሩም አሉ። ሸማኔው፥ አንጥረኛው፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በጥንት ጊዜ በብዙ ቦታ ከርስት የተለዩ ነበሩ። በጎንደር አገር የነበሩት ቤተ እስራኤል በአንጥረኝነትና በሸክላ፥ በጣና ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በዓሣና በደንገል ታንኳ ሥራ የታወቁት ከሌላው ምክንያት ጋራ በዚህም ነው። ባላገሩ ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ ስማቸውን ያዋርድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን በአንድ ዐዋጅ የሚጠፋ አልኾነም። የእነዚህ ሰዎች ገቢ በደኅና ዓመት ከገበሬው ላያንስ ይችላል፤ በክፉ ዓመት ግን ከኹሉ አስቀድሞ ይሰበራል። ዝናም በቀረ ጊዜ ገበሬው ማሰሮ መግዛቱን ይተዋል፥ አሮጌውን ማረሻ ያስጠግናል እንጂ አዲስ አያሠራም፤ በዚያው ሰዓት ሸክላ ሠሪዋ የምትገዛው እህል ይወደዳል። ከወዲያ ገቢዋ ሲደርቅ ከወዲህ ወጪዋ ይጨምራል። ሰብሉ ገና በማሳ ላይ ቆሞ ሳለ በእርሷ ቤት ረኃቡ ገብቷል፤ ዝርዝር የሚያወጡት ሰዎች ግን ማሳን አይተው ስለሚፈርዱ አያዩትም።

ስለ መዋጮ ደግሞ መባል የሚገባው አለ። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት እስከ 10ኛ ክፍል ያለው የመንግሥት ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲኾን ተወስኖ ነበር፤ ክፍያው ቢቀርም መዋጮው አልቀረም። አጥር ለማጠር፥ ክፍል ለመጨመር፥ ጠረጴዛ ለማሠራት ሲታሰብ «በየቤቱ እኩል ይዋጣ» ይባላል፥ ጉባኤውም እውነተኛ ፍርድ መስሎት ያጨበጭባል። መዋጮው የ20 ኪሎ እህል ዋጋ ቢኾን፥ የመጀመሪያው ቤት ከምግቡ የሚተርፈው 13 ኩንታል ያህል ስለ ኾነ ከመቶው ኹለት እንኳ አይሞላም። ከሦስተኛው ቤት ግን የሚተርፈው 1 ኩንታል ከ10 ኪሎ ነውና ከመቶው 18 ይወሰድበታል። የዕድርም ወርኃዊ መዋጮ እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን ዕድር ለእያንዳንዱ ቤት በሞት ጊዜ የሚመልሰው እኩል ስለ ኾነ በእርሱ ላይ እኩል መክፈል ምክንያት አለው። የትምህርት ቤት አጥር እንደዚህ አይደለም። 5 ልጅ የሚያስተምረውና ልጁ ገና ጡት ያልጣለው ሰው እኩል የሚከፍሉበት ሥርዐት እንደ ገና ሊታሰብበት ይገባል። አንዳንድ ቀበሌ ብር ያጣ በጕልበቱ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ይህ መልካም ነው፥ የጕልበቱ ቀን ግን ወጣቱ በሬ ለመዋስ ከሚሠራበት ቀን ጋራ እንዳይጋጭ ያስፈልጋል።

ተዝካርም በዚሁ ሊነሣ ይገባዋል። አባት ሲሞት ልጅ በዐርባው ቀን በሬ ሽጦ ወይም ዐርዶ አገሩን ያበላል። የዕርሻ በሬ ከኾነ ቤቱ በአንድ ቀን ከመጀመሪያው ወደ ኹለተኛው ደረጃ ይወርዳል፤ ባለ ጥንድ የነበረው በመቀናጆ አራሽ ይኾናል፥ በሚመጣውም ዓመት መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። ፍትሐቱና ጸሎቱ በሬ ማረድን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የጐረቤት ዐይን ነው። ሽማግሌዎች በዚህ ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ ከማናቸውም ርዳታ የበለጠ ቤት ያቆማሉ፥ ስለ ምን ቢሉ ባለ ተዝካሩ ራሱ ለመተው ቢፈልግ እንኳ ስስታም እንዳይባል ይፈራልና።

መምህሩ ዘንድ ሽማግሌው የሌለው አንድ መዝገብ አለ፤ ይኸውም የተማሪዎች ስም የሚጠራበት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቀር ልጅ ለአጨዳና ለውቂያ የቀረ ነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ ቤቱ የሚታጨድ ማሳ አለው። በገበያ ቀን ኹልጊዜ የምትቀር ልጅ እናቷ አንድ ነገር ተሸክማ ለመሸጥ ስትሄድ ታናሾቿን የምትጠብቅ ናት። በግንቦትና በሰኔ እየሳሳ የሚመጣ፥ መጥቶም በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ልጅ ከጐተራው ባዶነት የተነሣ ነው። በመካከለኛው ዓመት ጨርሶ የጠፋ ወንድ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሌላ ሰው ከብት እረኛ ኾኖ የተቀጠረ ነው፤ የእርሱ ቤት የልጁን ምግብ ብቻ ለማትረፍ ሲል ልጁን ከቤት አውጥቷል። ይህን መዝገብ በየወሩ ለይቶ የያዘ መምህር፥ በቀበሌው ጉባኤ ዝርዝሩ ሲነበብ ከሽማግሌው ዕውቀት አጠገብ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ኹለቱ በተለያዩበት ቤት ላይ ደግመው ይጠይቃሉ። የሦስተኛው ቤት ልጅ ግን ገና ሕፃን ስለ ኾነ በመዝገቡ ላይ የለም። ስለ እርሱ ቤት ለማወቅ አባቱ ከመተማ የተመለሰበትን ወር፥ በክረምትም ከማን ቤት ስንት ቁና እህል እንደ ተበደረ መጠየቅ ብቻ ነው ያለው።